በዳይንና ተበዳይን ያልለየ ሕግ

አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ አንባቢዎቻችን ሁለት ቃላትን አልፎ አልፎ በአንድ ትርጉም ስትጠቀሙባቸው እናያለን፤ እነርሱም «ገለልተኛ» እና «ተነጣይ» የሚባሉት ናቸው። «ገለልተኛ» የሚለው «ገለል አለ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ከሁለቱም ወገን ሳይቆም የቀረውን ሰው ያመለክታል። «ተነጣይ» ግን «ነጠለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ፤ ጠብ ቢኖርም ባይኖርም ከማኅበሩ ተለይቶ ለብቻው መኖርን የመረጠውን ያሳያል። በሰዋስው ትምህርታችሁ «ነጠላ ቁጥር» ስትሉ ብቻውን የቆመውን አንዱን ማለታችሁ እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ። ገለልተኛ ሰው ነገ ተመልሶ ሊያስታርቅ ይችላል፤ ተነጣይ ሰው ግን ደጁን ዘግቶ ገብቷል።

እነዚህን ሁለት ቃላት አጥርቶ ለመለየት የሚረዳ ታሪክ ብንፈልግ፤ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ አንሥቶ እስከ 1941 ድረስ የሄዱበትን መንገድ የሚያህል አላገኘንም። መንገዱ የተጀመረው በክፋት አልነበረም። ሕዝቡ ጦርነትን ጠልቶ፤ ልጆቹን ለማትረፍ ሲል የመረጠው ነው። ነገር ግን ምርጫው በሕግ በተጻፈ ጊዜ፤ ያ ሕግ «ማን ማንን አጠቃ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳይጠይቅ ሆኖ ተጻፈ። ሕጉ መጀመሪያ የተፈተነውም በሌላ በማንም ላይ ሳይሆን በኢትዮጵያ ላይ ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምንጽፈው ሲኖር እናመለክታለን።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 ከሥልጣናቸው ሊሰናበቱ ሲሉ ለሕዝባቸው ባወጡት መልእክት፤ አገራቸው ከባዕድ መንግሥታት ጋራ ዘላቂ የጦር ቃል ኪዳን እንዳትገባ መክረው ነበር። ምክሩ ለዘመኑ የሚገባ ምክር ነበር። አገሪቱ ገና ሕፃን ናት፤ አውሮፓም በመርከብ የብዙ ሳምንት መንገድ ነበረች፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ሲዋጉ ታናሹን መሣሪያ ማድረጋቸውም የታወቀ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አሜሪካውያን በዚህ ምክር ኖሩ። በ1917 ግን ከጀርመን ጋራ ጦርነት ገጠሙ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ወታደርም ባሕር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። ጦርነቱ ሲያልቅ የሞቱት አሜሪካውያን ከ116 ሺህ በላይ ነበሩ። የዚህ እኩሌታ ያህሉ የሞተው በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው።

ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ይህ ሁሉ ደም በከንቱ እንዳይቀር አስበው የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም ደከሙ። በማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛው አንቀጽ መሠረት፤ እያንዳንዱ አባል የሌላውን አባል የግዛት አንድነትና ነጻነት ከውጭ ጥቃት ለመጠበቅ ግዴታ ይገባል። ኢትዮጵያ በ1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን የተማመነችበት አንቀጽ ይኸው ነበር። በአሜሪካ ግን ክርክሩን ሁሉ ያስነሣው ይኸው አንቀጽ ሆነ። «ልጆቻችንን ለማናውቀው አገር ድንበር እንዲሞቱ የሚልካቸው ማነው? የራሳችን ምክር ቤት ነው ወይስ ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም።

ሴኔት በሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቃዋሚዎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ እንደ አይዳሆው ተወካይ እንደ ዊልያም ቦራ ያሉት ናቸው፤ እነዚህ ማኅበሩን በምንም መልክ አልፈለጉትም። ሁለተኞቹ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩትን ሄንሪ ካቦት ሎጅን ይከተሉ ነበር፤ እነዚህም 14 የሚያህሉ ማስጠንቀቂያዎች ተጨምረው ቃል ኪዳኑ ቢጸድቅ አይቃወሙም ነበር። ዊልሰን ግን አንዲት ቃል እንኳ አላሻሽልም አሉ። ነገሩን ለሕዝቡ በቀጥታ ለማስረዳት በሴፕቴምበር 1919 በባቡር አገሩን ሲዞሩ በኮሎራዶ ታመሙ፤ በኦክቶበር 2 ቀን ዋሽንግተን ላይ ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት አገኛቸውና የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ከአልጋቸውም ሆነው ለወገኖቻቸው ያዘዙት ከማስጠንቀቂያው ጋራ የቀረበውን ቃል ኪዳን እንዲጥሉት ነበር። በማርች 19 ቀን 1920 የመጨረሻው ድምፅ ሲሰጥ 49 ደገፉ፤ 35 ተቃወሙ። ሕጉ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ስለሚጠይቅ በ7 ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። እንግዲህ አሜሪካን ከማኅበሩ ውጭ ያስቀራት የተነጣዮቹ ብርታት ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ፈጣሪ እልከኝነትም ጭምር ነው ብንል አናጋንንም።

ሆኖም ከ1920 በኋላ አሜሪካ በእውነት ከዓለም ተነጥላ ኖራለች ወይ? ይህን የሚያምን ሰው የባንኮቹን መዝገብ ይመልከት። በ1924 በወጣው የዶውስ ዕቅድ መሠረት የአሜሪካ ባንኮች ለጀርመን ብድር ይሰጣሉ፤ ጀርመን በዚያ ገንዘብ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ የጦር ካሣ ትከፍላለች፤ እነርሱም ያንኑ ለአሜሪካ ስለ ጦርነት ዕዳ ይመልሳሉ። ገንዘቡ እንደ ውሃ ወፍጮ መንኰራኵር ይዞር ነበር። የባሕር ኀይሎችን ቍጥር ለመወሰን በ1921 እና በ1922 የተደረገው ታላቅ ጉባኤ የተሰበሰበው በዋሽንግተን ነው። የአሜሪካ ወታደሮች በኒካራጓ እስከ 1933፤ በሄይቲ እስከ 1934 ድረስ ተቀምጠዋል። እንግዲህ ገንዘቡ አልተነጠለም፤ ወታደሩም በቅርብ ካሉት ደካሞች አገር አልተነጠለም። የተነጠለው ግዴታው ነው። ስለ ሌላው ደኅንነት ቃል መግባትን ብቻ ፈሩ።

ለሰውም ደጁ ጠበበ። በ1924 የወጣው የመጤዎች ሕግ ለየአገሩ ኮታ ወስኖ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣውን ሕዝብ እጅግ ቀነሰ፤ ከእስያ የሚመጣውንም ፈጽሞ ሊዘጋው ጥቂት ቀረው። በ1930 ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ ከፍ ስለ ተደረገ፤ አውሮፓውያን ዕቃቸውን ሸጠው ዕዳቸውን የሚከፍሉበት መንገድ ጠበባቸው። ከዚያ በኋላ ተበዳሪዎቹ መክፈል ሲያቆሙ የአሜሪካ ገበሬ «ከእኛ ልጅም ገንዘብም ወሰዱ፤ አንዱንም አልመለሱ» አለ። ሳይቋረጥ ይከፍል የነበረ ትንሹ የፊንላንድ መንግሥት ብቻ ሆነ፤ ስለዚህም በዚያ ዘመን ፊንላንድ በአሜሪካ የተመሰገነችውን ያህል የተመሰገነ አገር አልነበረም።

ይህ ገጽ የቤተሰብ ገጽ ነውና ከምክር ቤቱ ወጥተን ወደ ቤት እንግባ። በ1929 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት፤ ልጆቻቸው ወይም ባሎቻቸው በጦርነቱ ሞተው በአውሮፓ የተቀበሩ እናቶችና ያላገቡ መበለቶች በመንግሥት ወጪ ወደ መቃብሩ እንዲሄዱ ተፈቀደ። ከ1930 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ከ6 ሺህ 500 የሚበልጡ ሴቶች ባሕር ተሻገሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከተወለዱበት አውራጃ ርቀው የማያውቁ፤ ዕድሜያቸው የገፋ የገበሬ ሚስቶች ነበሩ። በፈረንሳይ አገር ባሉት የመቃብር ቦታዎች በሺህ የሚቈጠር ነጭ መስቀል በረድፍ ቆሞ፤ ከመካከሉ ልጇን ፈልጋ ያገኘችው እናት ወደ መንደሯ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ የምትነግረው ምን እንደ ሚሆን መገመት አያዳግትም። ጥቁሮቹ እናቶች ከነጮቹ ተለይተው ዝቅ ባለ መርከብ መላካቸውንም መጻፍ አለብን፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ክብራቸውን ጠብቀው አንሄድም ብለው ቀርተዋል። አሜሪካ የራሷን እናቶች እንኳ በአንድ መርከብ ለማሳፈር ያልቻለችበት ዘመን ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እንዲህ ያለውን ሐዘን የያዘ ሕዝብ ማንኛውም የአውሮፓ ነገር እባብ ቢመስለው አይፈረድበትም። በዚህ ላይ የ1929 የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ሥራ አጡ በዛ፤ የቀድሞ ወታደሮች ቃል የተገባላቸው ጉርሻ ቀደም ብሎ እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ በ1932 ዋሽንግተን ቢሰፍሩ በጁላይ 28 ቀን በወታደር ኀይል ተባረሩ። ሰው ቤቱ ሲርበው የጎረቤቱን ዋይታ የሚሰማበት ጆሮ ይደፈናል።

በ1934 «የሞት ነጋዴዎች» የተባለ መጽሐፍ ታተመ፤ መጽሐፉም የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ከጦርነት እንዴት እንደሚያተርፉ ይናገር ነበር። በዚያው ዓመት በሰሜን ዳኮታው ሴናተር በጄራልድ ናይ የሚመራ ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ። ኮሚቴው እስከ 1936 ድረስ ታላላቆቹን የፋብሪካና የባንክ ባለቤቶች እየጠራ ጠየቀ፤ በጦርነቱ ያገኙት ትርፍ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደ ነበረም ለሕዝብ ገለጠ። ይህ እውነት ነው፤ መገለጡም መልካም ነበር። ነገር ግን ከዚህ እውነት ሕዝቡ ያወጣው ፍርድ «ወደ ጦርነት የከተቱን ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለዚህ ንግዱን ብንዘጋ ጦርነት አይደርስብንም» የሚል ሆነ። ነጋዴው ከጦርነት ማትረፉና ጦርነትን መፍጠሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስረዳ ድምፅ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አልተሰማም።

የጩኸቱ ኀይል ምን ያህል እንደ ነበረ በጃንዋሪ 1935 ታየ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አገራቸው በዓለም ፍርድ ቤት አባል እንድትሆን ሐሳብ ያቀርባሉ። ይህ ፍርድ ቤት ጦር የማያዘምት፤ የመንግሥታትን ክርክር በሕግ ብቻ የሚያይ ነው። ይሁን እንጂ አባ ቻርልስ ካፍሊን የተባሉ ቄስ በራዲዮ፤ የሄርስት ጋዜጦችም በጽሑፍ ሕዝቡን አነሣሱ፤ ለሴናተሮቹም የቴሌግራም ናዳ ወረደባቸው። በጃንዋሪ 29 ቀን 52 ደገፉ፤ 36 ተቃወሙ። አሁንም የጎደለው 7 ድምፅ ነው፤ ልክ እንደ 1920ው። ቍጥር እንዲህ ሲገጥም ያስገርማል።

ከሰባት ወር በኋላ የገለልተኝነት ሕግ ወጣ። ሩዝቬልት በኦገስት 31 ቀን 1935 የፈረሙት ይህ ሕግ፤ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ ፕሬዚዳንቱ ይህንኑ ካወጁ በኋላ የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ተዋጊዎች እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሩዝቬልት የፈለጉት ግን ሌላ ነበር። ክልከላው በአጥቂው ላይ ብቻ እንዲውል የመምረጥ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ጠይቀው ምክር ቤቱ እምቢ አላቸው። ሲፈርሙም እንዲህ ያለው የማይታጠፍ ሕግ ከጦርነት ሊያርቀን ሲገባ ወደ ጦርነት ሊጐትተን ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ጨመሩ።

እዚህ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ እንገባለን። ሕጉ ሲዘጋጅ የኢጣልያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል በገሃድ ይከማች ስለ ነበር፤ የምክር ቤቱ ሰዎች የሚመጣውን ጦርነት እያዩ ነው የጻፉት። ከዚያ አስቀድሞ በጁላይ 3 ቀን 1935 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ የአሜሪካን ጉዳይ ፈጻሚ አስጠርተው የጽሑፍ ጥያቄ ሰጥተው ነበር። ጥያቄው የሚመረኰዘው በ1928 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የኬሎግ ውል ላይ ነው፤ ይህ ውል መንግሥታት ጦርነትን የፖሊቲካ መሣሪያ እንዳያደርጉ የሚከለክል ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ኢጣልያም ኢትዮጵያም ተቀብለውታል። ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካ ይህ ውል የሚከበርበትን መንገድ እንድትፈልግ ለመኑ። ከዋሽንግተን የመጣው መልስ ትሕትና ያለው ነበር፤ ነገሩ በመንግሥታት ማኅበር መያዙ እንደሚያስደስት፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ከሰላም መንገድ ይወጣል ብሎ ለማመን እንደሚያስቸግር ይገልጻል። የማኅበሩ አባል ያልሆነ መንግሥት ከሳሹን ወደ ማኅበሩ መለሰው ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ነገር ደረሰ። ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ፤ የአገሪቱን ግማሽ ያህል በሚሸፍን ቦታ ላይ ነዳጅ ዘይት ለ75 ዓመት የመፈለግና የማውጣት ፈቃድ ከኢትዮጵያ መንግሥት አገኘ። ከበስተኋላው ያለው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያሰበው ግልጥ ነበር፤ የአሜሪካ ጥቅም በምድሩ ላይ ከተተከለ አሜሪካ ዝም ብላ አታይም። የዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን የኩባንያውን ሹማምንት ጠርቶ አግባባቸው፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይም ኩባንያው ፈቃዱን ተወ። ለሌላው አገር ነጋዴውን ተከትሎ ወታደር ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ነጋዴውም እንዲመለስ ተደረገ። ብልሃቱ ሳይሠራ ቢቀርም፤ የተነጣዮቹን ጠባይ በሚገባ ያጠና ሰው ያሰበው ብልሃት እንደ ነበር መመስከር ይገባል።

በመስከረም 22 ቀን 1928 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ይኸውም በኦክቶበር 3 ቀን 1935፤ የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ጦርነት አልታወጀም። ሩዝቬልት ግን ዐዋጅ ሳይጠብቁ በሁለተኛው ቀን ጦርነት መኖሩን ገልጸው ሕጉን ሥራ ላይ አዋሉት። በዚህ የፈለጉት ኢጣልያን ለመጉዳት ነበር፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ መሣሪያ ገዝታ ለማጓጓዝ እምብዛም ስለማትችል ክልከላው ይበልጥ የሚከብደው በኢጣልያ ላይ ነው ብለው ነበር ያሰቡት። ሐሳባቸው ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱ ወገን መድፉን፤ ታንኩን፤ አውሮፕላኑን በራሱ ፋብሪካ ይሠራል፤ ሌላው አንዲት የጥይት ፋብሪካ የለውም። ለሁለቱ የወጣው እኩል ክልከላ እኩል ሊሆን ከቶ አይችልም። የመንግሥታት ማኅበር በዚያው ወር ባደረገው ውሳኔ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን የመሣሪያ ክልከላ አንሥቶ በኢጣልያ ላይ ብቻ ሲያጸናው፤ የአሜሪካ ሕግ ግን በዳይንም ተበዳይንም በአንድ ገመድ እንዳሰረ ቀረ።

የሚያሳዝነው ሌላው ነገር ሕጉ የሚከለክለው መሣሪያን ብቻ መሆኑ ነው። ኢጣልያ መድፍ አልጎደላትም፤ የሚጎድላት ነዳጅ ነው። በአድዋና በመቀሌ መንገድ የሚሄደው ካሚዮን፤ በሰማይ የሚበረው አውሮፕላን ያለ ቤንዚን አይንቀሳቀስም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ነዳጅ መሸጥ በሕግ አልተከለከሉም፤ ሽያጩም ከቀድሞው ልክ በጣም ጨመረ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል በኖቬምበር 15 ቀን ይህን የመሰለው ንግድ ከገለልተኝነት መንፈስ ጋራ እንደማይስማማ በይፋ ተናገሩ፤ ይህንም «የሕሊና ማዕቀብ» አሉት። ሕሊና ግን ቀረጥ አይሰበስብም፤ መርከብም አያቆምም።

የአሜሪካ ነዳጅ መሸጡ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ የተመቸ ምክንያት ሆነላቸው። «እኛ ብንከለክል አሜሪካ ትሸጥላት የለም ወይ?» ይሉ ነበር። የማኅበሩ ባለሙያዎች በፌብሩዋሪ 1936 ጉዳዩን መርምረው፤ የማኅበሩ አባሎች ሁሉ ነዳጅ ቢከለክሉና አሜሪካም ሽያጯን በቀድሞው ልክ ብትወስን፤ ማዕቀቡ በሦስት ወር ተኩል ያህል ጊዜ ሥራውን እንደሚሠራ አስታወቁ። በዚያው ወር መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን ሲያድስ፤ ነዳጅን የመወሰን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሳይሰጥ ለተዋጊዎች ብድር መስጠትን ብቻ ጨምሮ ከለከለ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በትዝታ መጽሐፉ እንደ ጻፈው፤ ሙሶሊኒ በ1938 ሙኒክ ላይ ማኅበሩ ነዳጅ ቢከለክለው ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደ ነበር ተናግሯል። የአንባገነን ፉከራና ማጋነን ሊኖርበት ይችላል፤ ቢሆንም ከሁሉ ይበልጥ የፈራው ምን እንደ ነበር ይገልጣል። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተያዘች፤ ሩዝቬልትም በጁን ወር ክልከላውን አነሡ። የሚከለከል ጦርነት በይፋ የለም ተብሎ ነው፤ ምንም እንኳ አርበኞች በዱር በገደሉ መዋጋታቸውን ባያቆሙም።

ለእውነት ስንል ሁለት ነገሮችን ልንጨምር ይገባናል። የመጀመሪያው፤ ብዙ መንግሥታት የኢጣልያን ወረራ ሲያጸድቁ አሜሪካ አላጸደቀችም፤ ይህ ወረቀት ብቻ ቢመስልም ዋጋ ነበረው። ሁለተኛው፤ የአሜሪካ ሕዝብ ሁሉ አልተነጠለም። በኒው ዮርክ በሃርለምና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ገንዘብ አዋጡ፤ ሰልፍ ወጡ፤ ለመዝመትም ተመዘገቡ። በባዕድ ጦር ውስጥ መግባትን የሚከለክል የቆየ ሕግ ስለ ነበር አብዛኞቹ ሊመጡ አልቻሉም። የቺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን ግን መጥቶ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች መርቷል፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ በ1954 በአዲስ አበባ ዐርፏል። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። አገሩ በሕግ ደጁን ሲዘጋ በመስኮት የሚወጣ ሰው አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት የሚሄድ ነው። በጃንዋሪ 1937 ክልከላው ለስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተዘረጋ፤ እዚያም በሕግ የተመረጠው መንግሥት መሣሪያ መግዛት ሲከለከል ተቃዋሚዎቹ ከሮማና ከበርሊን በነጻ ያገኙ ነበር። በ1937 ጃፓን ቻይናን ስትወጋ ግን ሩዝቬልት ትምህርት አግኝተው ነበርና፤ ጦርነቱ አልታወጀም የሚለውን ሰበብ ይዘው ሕጉን ሳይጠሩት ቀሩ፤ ቢጠሩት የሚጎዳው ቻይናን መሆኑን ዐውቀዋል። ሕግ የሚጠቅመው በሥራ ላይ ሳይውል ሲቀር ከሆነ ያ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ እንደ ሆነ እናንተ ፍረዱ። በዲሴምበር 12 ቀን የጃፓን አውሮፕላኖች ፓናይ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር ጀልባ በያንግጼ ወንዝ ላይ አሰጠሙ። በምክር ቤቱ የታየው የመጀመሪያው ስሜት ቁጣ ሳይሆን፤ አገሪቱ ካልተወረረች በቀር ጦርነት በሕዝብ ድምፅ ብቻ እንዲታወጅ የሚጠይቀውን የኢንዲያናውን እንደራሴ የሉዊስ ሉድሎን ሐሳብ ለውይይት ማቅረብ ሆነ። ሐሳቡ በጃንዋሪ 1938 የወደቀው በ209 ለ188 ነው።

በ1939 ሁለት ነገሮች በተከታታይ ደረሱ፤ ሁለቱም የቤተሰብ ነገሮች ናቸው። ከጀርመን የሚሸሹ 20 ሺህ ሕፃናት ከኮታው ውጭ እንዲገቡ የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ ቀርቦ ከኮሚቴ ሳይወጣ ሞተ። በጁን ወር ደግሞ ሴንት ሉዊስ የተባለች መርከብ ከ900 በላይ ስደተኞች ይዛ፤ አብዛኞቹም አይሁድ ናቸው፤ ኩባ ስለ ከለከለቻቸው በፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ስታንዣብብ የከተማው መብራት ይታያቸው ነበር። እንዲወርዱ አልተፈቀደላቸውም። ወደ አውሮፓ ተመለሱ፤ ከእነርሱም ከ250 በላይ የሚሆኑት በኋላ በናዚዎች ዘመን አለቁ። ለእነዚህ የተዘጋው ደጅ ለወታደር የተዘጋው አልነበረም፤ ሆኖም አንዱ ፍርሃት ሌላውን ይጠራል።

ሂትለር ፖላንድን ከወጋ በኋላ ምክር ቤቱ በኖቬምበር 1939 ሕጉን አሻሽሎ፤ ገንዘቡን በእጁ ከፍሎ በራሱ መርከብ የሚወስድ ተዋጊ መሣሪያ እንዲገዛ ፈቀደ። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ ክርክሩ ጋለ። በሴፕቴምበር 1940 «አሜሪካ ትቅደም» የሚል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባሎቹም እስከ 800 ሺህ ደርሰዋል። ከአባሎቹ መካከል የሰላም ሰዎች፤ ተማሪዎች፤ ሐዘንተኛ ወላጆች ነበሩ፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄራልድ ፎርድም በወጣትነታቸው ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ነገር ግን የዘር ጥላቻ ያላቸውም ተጠለሉበት። ዝነኛው አውሮፕላን ነጂ ቻርልስ ሊንድበርግ በሴፕቴምበር 1941 አይሁድን ጦርነት ቀስቃሾች ብሎ በከሰሰ ጊዜ፤ ቅን የነበሩት ደጋፊዎች እንኳ አፈሩ። ያን ያህል ጊዜ ግን አገሩ እኩል በእኩል ተከፍሎ ነበር፤ በኦገስት 12 ቀን 1941 የወታደር ምልመላው ዘመን እንዲራዘም በእንደራሴዎች ምክር ቤት የተወሰነው በ203 ለ202 ነው። አንድ ሰው በዚያን ቀን ታሞ ቢቀር ኖሮ ውሳኔው ሊወድቅ ይችል ነበር።

ከአራት ወር በኋላ በዲሴምበር 7 ቀን የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበር ላይ ወረዱ። በማግሥቱ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ጦርነት ይታወጅ የሚለውን 388 ደግፈው አንዲት ሴት ብቻ ተቃወመች፤ ስሟም ጃኔት ራንኪን ይባላል። ይህች የሞንታና እንደራሴ በ1917ም ጦርነቱን ተቃውማ ነበር። ሐሳቧን እንካፈላለን ባንልም፤ በጋለው አዳራሽ ብቻዋን ቆማ ሁለተኛ «አይሆንም» ማለቷን ሳናከብር አናልፍም። «አሜሪካ ትቅደም» ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ፈረሰ።

በጁን 1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የአዲሱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቃል ኪዳን ከፈረሙት 50 መንግሥታት መካከል ኢትዮጵያና አሜሪካ ነበሩበት። ቃል ኪዳኑ በጁላይ 28 ቀን ወደ አሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲቀርብ 89 ደገፉት፤ ሁለት ብቻ ተቃወሙ። ከሁለቱ አንዱ የሰሜን ዳኮታው ዊልያም ላንገር ነበሩ። የዚያው ክፍለ ሀገር ሴናተር የነበሩት ጄራልድ ናይ ግን በአዳራሹ አልተገኙም፤ ከአንድ ዓመት በፊት በተደረገው ምርጫ ወንበራቸውን አጥተው ነበር።